የሬስቶራንቱ ስፓይሲ ክሬም ሶስ በቤታችን፦ ጣዕሙን ይዘን ክሬሙን መቀነስ



ዛሬ ከክሊኒክ ወጥተን ኩሽና እንገባለን። ርዕሱ ለሐኪም ገጽ ትንሽ እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል። ወደዚህ ያመጡኝ ግን በኢንቦክስም በተመላላሽ ክፍልም ደጋግመው የሚመጡ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። አንዱ «ዶክተር፣ ኮሌስትሮልህ ከፍ ብሏል ተብያለሁ፤ በቃ ፔኔ በክሬም ላልበላ ነው?» ይላል። ሌላዋ ደግሞ «ጨጓራ ስላለብኝ ሚጥሚጣ ትቻለሁ፤ ክሬም ያለበትን ስበላ ግን ያው ያመኛል፣ ለምንድን ነው?» ትላለች።

ለሁለቱም «ተዉት» ብሎ መሸኘት ቀላል ነው። ተዉት የተባለ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ይተዋል፤ ከዚያ አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ወጥቶ ሙሉ ሳህን አዝዞ ይመለሳል። እኔ አሠራሩን ማወቅ ይሻላል ባይ ነኝ። የዚህ ሶስ ጣዕም አብዛኛው የሚመጣው ብዙዎቻችን እንደምናስበው ከክሬሙ ብዛት አይደለምና።

የትኛውን ሶስ ነው የምለው? ያ አዲስ አበባ ካፌና ሬስቶራንት ውስጥ ፔኔ ላይ ፈስሶ የሚመጣው፣ ቀይም ነጭም ያልሆነ ብርቱካናማ መልክ ያለው፣ መጀመሪያ ለስለስ ብሎ ቆይቶ የሚያቃጥለው። ጣሊያኖች «አራቢያታ» የሚሉት የቲማቲም፣ የነጭ ሽንኩርትና የደረቅ ቃሪያ ሶስ አላቸው፤ ቃሉ «የተቆጣ» ማለት ነው። እሱ ክሬም የለበትም። የእኛ ሬስቶራንቶች የሚያቀርቡት እንግዲህ የተቆጣው ላይ ክሬም ተጨምሮ ትንሽ እንዲበርድ የተደረገው ነው ማለት ይቻላል።

ሳህኑ ላይ ምን አለ?

ለማብሰያ የሚሸጠው ወፍራም ክሬም 35 በመቶ ገደማው ስብ ነው። አንድ ሳህን ፔኔ ላይ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ክሬም መግባቱ ብርቅ አይደለም። ይህ ብቻውን 330 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ከስቡም 22 ግራም ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው፣ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው ዓይነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሳቹሬትድ ስብ ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ሲሰላ እሱም 22 ግራም ገደማ ነው። ማለትም ቅቤው፣ አይቡ፣ ዘይቱ ሳይቆጠር የቀኑ ኮታ በአንድ ሳህን አለቀ።

ጨው ደግሞ አለ። የቀኑ ገደብ ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ሶሱ ውስጥ የሚገባው ማጣፈጫ ኩብ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ጨው ነው። ፓስታው የተቀቀለበት ውሃ ጨው አለው። አይቡ ጨው አለው። ሚጥሚጣውም ብዙ ጊዜ ሲፈጭ ጨው ይገባበታል፤ ይህን የሚያስታውስ ሰው ግን ጥቂት ነው። የግፊት መድኃኒታችሁን በሰዓቱ እየወሰዳችሁ ግፊቱ አልወርድ ካለ፣ መጠኑን ከማስጨመራችሁ በፊት እነዚህን አራቱን ቁጠሩ።

በሳምንት አንድ ቀን ውጭ ወጥቶ የሚበላ ጤነኛ ሰው በዚህ አይጨነቅ። እኔም ተረኛ አድሬ ስወጣ የምበላው ምግብ ሁልጊዜ ለገጽ የሚለጠፍ አይደለም። ጉዳዩ የሚከብደው ልማድ ሲሆንና ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው ነው።

ታዲያ ለምን ይጥማል?

የሚያቃጥለው ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም፤ በስብ ግን ይሟሟል። ለዚህ ነው አፋችሁ ሲቃጠል ውኃ ብትጠጡ የማይረዳችሁ፣ ወተት ግን የሚያስታግሰው። የወተት ፕሮቲን የሆነው ኬዚን ካፕሳይሲኑን ይዞ ከምላስ ላይ ያነሳዋል። ምላሳችን ላይ ካፕሳይሲን የሚቀበለው በር ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ሙቀት ሲነካን የሚከፈተው ያው በር ነው። ዴቪድ ጁሊየስ የተባለ ተመራማሪ በ1997 ነው ያገኘው (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር)፤ በ2021 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ አንዱ ምክንያት ይሄ ነበር። «አቃጠለኝ» ስንል እንግዲህ አንጎላችን የምሩን ነው፤ እሳት የነካን ነው የሚመስለው።

ይህ ለምግብ አሠራሩ ምን ይጠቅመናል? ሚጥሚጣውን ውኃ ወይም ወተት ላይ ከበተናችሁት ኃይሉ አንድ ቦታ ይከማቻል፤ አንዱ ጉርሻ ባዶ፣ አንዱ እሳት ይሆናል። መጀመሪያ ዘይት ውስጥ ከገባ ግን ከዘይቱ ጋር ሶሱ ውስጥ እኩል ይሰራጫል። ወጥ ስንሠራ በርበሬ የምናቁላላው በከንቱ አይደለም፤ ሙያው እዚያው ቤታችን ነበር።

ሁለተኛው ምስጢር የቲማቲም ድልሁ ነው። ሬስቶራንት ውስጥ ድልህ እንዲሁ አይቀላቀልም፤ ዘይት ውስጥ ይቁላላል። ሦስተኛው ፓስታው የተቀቀለበት ውሃ ነው። ውስጡ ስታርች ስላለ ሶሱን ያወፍረዋል፣ ከፓስታውም ጋር ያጣብቀዋል። ብዙዎቻችን ልስላሴውን የክሬም ሥራ አድርገን እንቆጥረዋለን። ግማሹ ግን እኛ የሊጥ ማጠቢያ ውስጥ የምንደፋው ውሃ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ድስቱ

ለሦስት ሰው 250 ግራም ፔኔ እንያዝ። ለሶሱ አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ የተከተፈ፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ፣ 150 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 2 የሻይ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ (60 ሚሊ ሊትር) ክሬም፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከተገኘ ደግሞ ጥቂት የበሶብላ ቅጠል ያስፈልጋል። ጨው ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባው ረስቼው አይደለም።

«ሩብ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ ምን ታደርጋለች?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ስብ የካፕሳይሲንን ጉልበት ያለዝባል፤ ክሬሙን ስንቀንስ ያው ሚጥሚጣ ከበፊቱ የበለጠ ያቃጥላል። በሩብ ጀምሩ፣ ከለመዳችሁ ወደ ግማሽ ከፍ አድርጉ።

ዘይቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚረጋው ዘይት የፓልም ዘይት ነው፤ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ስብ ነው። ክሬም ቀንሰን በዚህ ከሠራን ትርፉ ድካም ብቻ ነው። የሱፍ፣ የአኩሪ አተር ወይም የኑግ ዘይት ተጠቀሙ።

መጀመሪያ ወተቱን እናዘጋጅ። ከሰፈር የምትገዙት ጥሬ ወተት ከሆነ አስቀድሞ ይፍላ፤ ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስንና የከብት ቲቢን ያስተላልፋል። ከጥሬ ወተት ላይ የተነሳ ክሬምም እንደዚያው ነው። የፈላው ወተት ሲቀዘቅዝ ዱቄቱን ጨምራችሁ ጓል እስኪጠፋ ምቱት። ትኩስ ወተት ላይ ዱቄት ከጨመራችሁ ይጓጉላል።

ፓስታውን ለመቀቀል በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል፤ ግፊት ያለበት ሰው ቤት ግማሹን አድርጉት። ከማጥለላችሁ በፊት አንድ የቡና ሳይሆን አንድ የሻይ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ቀድታችሁ አስቀምጡ።

ሽንኩርቱን በዘይቱ፣ በመካከለኛ እሳት፣ ሳይጠቁር እስኪለሰልስ አቁላሉት። ነጭ ሽንኩርቱን ጨምሩ፤ ሽታው ከወጣ ይበቃዋል። ቀጥሎ ድልሁን ጨምራችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ አማስሉት። ደማቅ ቀይ የነበረው ወደ ሸክላ ቀለም ሲጠጋና ዘይቱን ሲያወጣ ደርሷል ማለት ነው። ወጥ የሠራ ሰው ምልክቱን ያውቀዋል። ይህን ደረጃ አትቸኩሉት፤ ማጣፈጫ ኩቡን የሚተካው እሱ ነው።

ከዚያ እሳቱን ወደ መጨረሻው ዝቅታ አውርዳችሁ ሚጥሚጣውን ጨምሩ፣ 20 ሰከንድ ያህል ብቻ አማስሉ። ሚጥሚጣ ካረረ ይመራል፤ ጭሱም ቤቱን በሙሉ ያስላል። አስም ያለበት ሰው ወይም ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ መስኮት ክፈቱ። ወዲያው ከፓስታው ውሃ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨምራችሁ መጥበሻውን አቀዝቅዙት።

ቀጣዩ ደረጃ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው። ወፍራም ክሬም ስቡ ብዙ ስለሆነ ቲማቲም ውስጥ ቢፈላም ብዙ አይለወጥም። ወተት ግን ስቡ ጥቂት፣ ፕሮቲኑ ብዙ ነው፤ ከኮምጣጣ ቲማቲምና ከኃይለኛ እሳት ጋር ሲገናኝ ውሃና ፍርፋሪ ሆኖ ይለያያል። አይብ የምናወጣው እኮ በዚሁ መንገድ ነው፦ ኮምጣጣነትና ሙቀት። ዱቄቱ የገባው ይህን እንዲከላከልልን ነው። ስለዚህ መጥበሻውን ከእሳቱ ላይ አንሱት፣ ወተቱን በትንሽ በትንሹ እያማሰላችሁ ጨምሩት፣ ከዚያ ወደ ዝቅተኛ እሳት መልሱት። አራት አምስት ደቂቃ ቀስ ብሎ ሲንተከተክ የዱቄቱ ጥሬ ጣዕም ይጠፋል፣ ሶሱም የማንኪያውን ጀርባ ይለብሳል። እንዲገነፍል አትፍቀዱለት።

ክሬሙ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። ክሬም መጀመሪያ ገብቶ ሲበስል ጣዕሙ ውስጥ ይሰምጣል። መጨረሻ ላይ የገባች ጥቂት ክሬም ግን ምላስ የሚያገኛት እሷን ስለሆነ ብዙ ያለ ያስመስላል። አንድ ደቂቃ ይበቃታል። ፓስታውን ገልብጡበት፣ ከውሃው ትንሽ ትንሽ እየጨመራችሁ አገላብጡት፣ ቁንዶ በርበሬና በሶብላ ነስንሱበት። አሁን ቅመሱት። ጨው ካስፈለገው አሁን ነው የሚታወቀው፤ በእኔ ግምት ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም።

በዚህ አሠራር ለአንድ ሰው የሚደርሰው ሳቹሬትድ ስብ 6 ግራም ገደማ ነው። ከ22 ጋር አስተያዩት። ከሬስቶራንቱ ጋር አንድ ነው ብዬ አልዋሻችሁም፤ ያ ከባድ ስሜት አፍ ላይ አይቀርም። እኔ ግን ከበላሁ በኋላ ቁጭ ብዬ ማንበብ የምችለው ይሄኛውን ስበላ ነው።

ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ወይም አንዱ የሚያቃጥል የማይበላ ከሆነ ሚጥሚጣውን ከሶሱ አስወጡትና ለብቻው በሞቀ ዘይት አውጡት፤ የፈለገ ሳህኑ ላይ ያንጠባጥብ። ይህ ዘይት ለዕለቱ ብቻ ይሁን። በተለይ ነጭ ሽንኩርት የገባበትን ዘይት በጠርሙስ ሞልታችሁ ውጭ አታስቀምጡ፤ አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል።

የጨጓራ ነገር

ወደ ሁለተኛዋ ጠያቂያችን እንመለስ። እኛ አገር ለጨጓራ ሁሉ ተከሳሹ ሚጥሚጣ ነው። እውነቱ ግን የጨጓራ ቁስለት ዋና ምክንያቶች ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያና እንደ ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ባሪ ማርሻል የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም በ1984 ይህን ለማሳየት ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታሟል፤ ከሮቢን ዋረን ጋር በ2005 ኖቤል ተሸልመዋል። ሚጥሚጣ ቁስለት አይፈጥርም፤ ያለውን ማቃጠልና ሕመም ግን ሊቀሰቅስ ይችላል። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ክሬሙስ? ስብ የበዛበት ምግብ ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም። ጨጓራው ሞልቶ ሲቆይ፣ በዚያ ላይ ስቡ ከጉሮሮ በታች ያለውን መዝጊያ ጡንቻ ሲያላላው አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል። ቃር የምንለው እሱ ነው። ስለዚህ እህቴ ሚጥሚጣውን ትታ ማታ 3 ሰዓት ላይ ክሬሙን በልታ 4 ሰዓት ላይ ስትተኛ ማቃጠሉ አይገርምም። ሶሱን በምሳ ሰዓት ማድረግ፣ ወይም ከመተኛት ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ መብላት ብቻውን ብዙ ለውጥ ያመጣል። ከበሉ በኋላ «ያስታግሳል» ብሎ ወተት መጠጣትም ለጥቂት ደቂቃ ይመች ይሆናል፤ ወተት ግን ጨጓራ ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ያነሳሳል።

ከቅባት ምግብ በኋላ በቀኝ ጎን፣ ከጎድን አጥንት በታች የሚቆርጥና ወደ ትከሻ ወይም ጀርባ የሚሄድ ሕመም ከሆነ ግን ጨጓራ ላይሆን ይችላል። የሐሞት ጠጠር በአልትራሳውንድ በቀላሉ ይታያል፤ ኦሜፕራዞል ከፋርማሲ እየገዙ ወራት መቆየት አያስፈልግም።

ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሳችሁ፣ ስትውጡ ምግቡ ከያዛችሁ፣ ያለ ምክንያት ከከሳችሁ ወይም ደም ማነስ ከተገኘባችሁ ምግብ በመቀየር ጊዜ አታባክኑ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ደረት መሃል የሚጫን፣ ወደ ግራ እጅ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ያለበት ሕመም ከሆነ ደግሞ «ጨጓራዬ ነው፣ የበላሁት ክሬም ነው» ብላችሁ አትተኙ። የዚያኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል። የልብ ድካም መስሎ የመጣ ቃር ብናይ እንስቃለን፤ ቃር ነው ተብሎ ቤት ያደረ የልብ ሕመም ግን የሚያሳዝን ነው።

ስኳር ያለባችሁና ኢንሱሊን የምትወስዱ፦ ስብ የፓስታውን ስኳር ያዘገየዋል። ከበላችሁ በኋላ በሁለተኛው ሰዓት የለካችሁት ቆንጆ ቁጥር በአራተኛው ሰዓት ላይኖር ይችላል፤ አንድ ቀን ዘግየት ብላችሁም ለኩ። ኪንታሮት ያለባችሁም ታውቁታላችሁ፤ ያ የ43 ዲግሪ በር መግቢያው ላይ ብቻ አይደለም ያለው። አላብራራም።

በጾም

እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። የጾም ክሬም ፍለጋ ሱፐርማርኬት መሄድ አያስፈልገንም፤ ሱፍ አለን። ለሱፍ ፍትፍት እንደምታዘጋጁት የተፈጨውን ሱፍ በለብ ያለ ውሃ አሽታችሁ በወንፊት አጥልሉት፤ ወፍራም ነጭ ፈሳሽ ይወጣዋል። 200 ሚሊ ሊትር ያህሉ ወተቱንም ክሬሙንም ይተካል። ስቡ አብዛኛው ለልብ የሚስማማው ዓይነት ነው። ዱቄቱን አትርሱ፣ እሳቱንም ዝቅ አድርጉት። ካሹ ያገኘ ሰው ዘፍዝፎ ፈጭቶ መጠቀም ይችላል፤ የበለጠ ይለሰልሳል፣ ኪስ ግን ይጎዳል።

የኮኮናት ወተት ጾም ነው፤ ስቡ ግን አብዛኛው ሳቹሬትድ ነው። ለኬክ የሚሸጠውን የሚመታ የጾም ክሬም ደግሞ ጀርባውን አንብቡት፤ ብዙ ጊዜ ስኳርና ሃይድሮጅኔትድ የተባለ የአትክልት ስብ ታገኙበታላችሁ። ሁለቱንም ኮሌስትሮል ላለበት ሰው አልመክርም።

ከተረፈ

ወተት ያለበት ሶስ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቀመጥ። ሚጥሚጣ አለበት ብላችሁ አትተማመኑ፤ ባክቴሪያውን ለመግደል አይበቃም። ጥልቀት በሌለው ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ፍሪጅ ካስገባችሁት ሦስት ቀን ይቆያል። መብራት ከጠፋ በሩ ሳይከፈት ፍሪጁ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ሌሊት ጠፍቶ መቼ እንደጠፋ ካላወቃችሁ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ካለ፣ ሶሱን ድፉት። ስታሞቁት ማንኪያ ውሃ ወይም ወተት ጠብ አድርጉበት፣ በዝቅተኛ እሳት እያማሰላችሁ ጀምሩ፣ መሃሉ ድረስ እንፋሎት እስኪያወጣ ጠብቁ። የሚሞቀው ለዚያ ሰዓት የሚበላው ብቻ ይሁን፤ አንዴ የሞቀውን መልሳችሁ ፍሪጅ አታስገቡ።